ሁለት ድስት በአካላ

ከስዊድን ከተመለስኩ ጀምሮ ክፍል ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «የንጉሡን ቤተ መንግሥት አየሽ ወይ?» ይለኛል። አይቻለሁ። ድልድይ ላይ ቆሜ፣ አይስክሬም እየላስኩ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል። ሰፊ ነው፣ ቡናማ ነው፣ መስኮቱ ተቆጥሮ አያልቅም። በቃ፣ እሱን ጨረስን! («ፍልሰታን እየጾምሽ አይስክሬም?» የምትሉኝ ደግሞ ጠብቁኝ፤ እደርስበታለሁ።) እኔ ልነግራችሁ የቸኮልኩት አክስቴ ምድጃ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሁለት ድስቶች ነው። ስቶክሆልም በቆየሁበት ሳምንት ልቤን ሰቅለው የሰነበቱት እነሱ ናቸው።

መነሻ

ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ዝናቡ ያካፋል፣ ጭጋጉ ፊት ለፊታችን ያለውን ሱቅ ውጦታል። እናቴ ስዊድን የሚለውን ስም ከበረዶ ለይታ ሰምታው አታውቅም። ስለዚህ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጋቢ፣ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ጠቀጠቀችና የወንድሜን ካፖርት ደግሞ ላዬ ላይ አለበሰችኝ። በተረፈው ቦታ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አንድ ጣሳ የመንዝ ማር ገባ። ቅቤ ግን ወደ አውሮፓ በሻንጣ አይገባም ተባለ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ታዲያ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?» አለች። ሻንጣው እኮ አልዘጋ ብሎ ሁለታችንም ላዩ ላይ ተቀምጠን ነበር!

ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ስለሆነና ብቻዬን ስለምጓዝ፣ ቦሌ ላይ አንገቴ ላይ ካርድ አንጠለጠሉልኝ። ገበያ የሚወጣ በግ መሰልኩ። የአውሮፕላኗ አስተናጋጅ ግን ወዳኝ ነበር መሰለኝ፣ የጾም ምግብ መጀመሪያ ለእኔ አመጣችልኝ፤ ምስር፣ ሩዝና አንድ የጾም ኬክ። ደመና ላይ ሆኜ ምስር በላሁ! ከዚህ በላይ ምን ልበል?

አንደኛው ቀን፤ ጾሙ ሊፈታ አምስት ቀን ሲቀረው

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስወጣ ፀሐይዋ ሃያ ስምንት ዲግሪ ነው። ሰዉ በቁምጣና በነጠላ ጫማ፤ እኔ በወንድሜ ካፖርት። አክስቴ አስካለ ከሩቅ አይታኝ ሳቅና ለቅሶ ተምታታባት። እናቴ ታላቅ እህቷን «እታለም» ነው የምትላት፣ እኔም እንደዚያው። ስዊድን የገባችው በስደት፣ እኔ ሳልወለድ ነው። አሁን ሄምሼንስት በሚሉት ሥራ ላይ ናት፤ ማለትም ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤት እየዞረች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ምሳ ታበላለች። ከጎኗ የቆመችው ልጇ ሶስና ናት። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጠጉሯን በጣም አሳጥራዋለች፣ ገና ሳታቅፈኝ ካፖርቱን ከላዬ ገፈፈችልኝ።

መኪናውን ያመጡት ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ የእታለም የድሮ ጎረቤት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከተማ አውቶቡስ ነድተው አሁን ጡረታ የወጡ። ጡረታ መውጣታቸውን ግን አፋቸው ገና አልሰማም። ሁላችንም ካልተቀመጥን አይነሡም፤ መታጠፊያው በመጣ ቁጥር ቀጣዩን ቦታ ጮክ ብለው ያሳውቃሉ።

«ቀጥሎ አካላ! ዕቃችሁን እንዳትረሱ!»

«ጋሼ ታደሰ፣ እኛ ብቻ እኮ ነን ያለነው» አለች እታለም።

«ቢሆንስ? ደንብ ደንብ ነው።»

አካላ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ነው። ፎቆቹ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ በመሃላቸው ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ጫካ። እኛ ሰፈር ጫካ ለማየት መኪና ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ እዚህ ቆሻሻ ለመጣል ስትወጣ ጫካ ታገኛለህ።

ምሳ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ምድጃው ላይ ሁለት ድስት አለ። አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ፤ የትንሹ እጀታ በአረንጓዴ ፕላስተር ተጠቅልሏል። እኔ ደግሞ ርቦኛል፣ እጄን ታጥቤ የቀረበኝን የትንሹን ክዳን አነሣሁ። የእታለም ፊት ክው አለ።

«እሱን አይደለም! እሱን ተዪው፣ የሶስና ነው።»

ሶስና ራሷ ግን ሳቅ ብላ «ብዪ፣ ችግር የለም» አለችኝ። ሁለቱም ምስር ወጥ ነበሩ! ያው ምስር፣ ያው በርበሬ፣ ያው ጾም። እናትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ከሁለት ድስት አንድ ዓይነት ወጥ ይበላሉ። ዓይኔ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ አይታ እታለም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቪጋን ናት። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ዓመቱን ሙሉ ጾም በያት።»

«ታዲያ አሁን ሁላችንም እየጾምን አይደል? ለምን አብራ አትበላም?»

እታለም ተነሥታ ብርቱካን ላጠችልኝ።

ሁለተኛው ቀን፤ የዋሻው ባቡርና አይስክሬሙ

ሶስና ከተማ ላሳይሽ ብላ ይዛኝ ወጣች። ባቡሩን ቱነልባና ይሉታል። ጣቢያዎቹ ከድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩ ዋሻዎች ናቸው፤ ግድግዳው እንደ ዋሻ ጎርበጥባጣ ሆኖ ሥዕል ተሥሎበታል። ወደ ታች የሚወስደው የሚሄድ ደረጃ ማለቂያ የለውም። ቀኝህን ይዘህ መቆም አለብህ፤ ግራው ለሚቸኩል ነው። እኔ መሃሉ ላይ ቆሜ የስንት ሰው ሥራ እንዳስረፈድኩ እንጃ። ማንም ግን አልተቆጣኝም፤ ኋላዬ ተደርድረው ዝም ብለው ቆሙ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቢሆን ኖሮ ስድቡ እስከ አያቴ ድረስ ይደርስ ነበር።

ከዚያ ካፌ ገባን። እኔ ጾሜን ምን ብዬ እንደማስረዳ ቃል እየመረጥኩ ሳለ ሶስና አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ «ቪጋንስክ።» የካፌዋ ልጅ «እሺ» ብላ የአጃ ወተት ማኪያቶና ቀረፋ የተነሰነሰበት ጥቅል ዳቦ አመጣች። በቃ! ያለ ማብራሪያ! እኛ አገር በጾም ቀን የጾም ኬክ የሚሸጥበትን ቤት እንፈልጋለን፣ ጾሙ ሲያልቅ እሱም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ግን ሁልጊዜ አለ። አይስክሬሙም እንደዚያው የአጃ ነበር፤ ያልኳችሁን ደረስኩበት! ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ቪጋንስክ» የማልልበት ቦታ ጠፋ። መጽሐፍ ቤት ገብቼ ለደብተር እንኳ ልጠይቅ ነበር።

ድልድዩ ላይ ቤተ መንግሥቱን እያየን ስለ ድስቱ ጠየቅኳት። ሶስና አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ለእናቷ ግን ሁሌ በስዊድንኛ ነው የምትመልሰው። ከእኔ ጋር አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀየጠች አወራችኝ። እኔ አስተካክዬ ልጻፈው።

«አንድ ክረምት የወተት ላሞች ያሉበት እርሻ ሠራሁ። ከዚያ ስመለስ ተውኩት፣ በቃ። እማዬ መጀመሪያ አልገባትም፤ ቆይቶ ግን ጾም ነው ብላ ለመደችው። የዛሬ ዓመት ፍልሰታ ሲፈታ እንግዶች ጠራች። ጎመን አቀረበችልኝ። ቀመስኩት፣ ሌላ ነገር አለው። ‹እማዬ፣ ቅቤ አለው?› አልኳት። ‹የለውም› አለችኝ። በሁሉም ሰው ፊት። ከበላሁ በኋላ ሳህን ላጥብ ስገባ ቅቤ ያለበት ማንኪያ ከጎመኑ ጭልፋ ጋር አገኘሁ።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ የራሴን ድስት ገዛሁ።»

«በጾም እንኳ ከእሷ ድስት አትበዪም?»

«በጾም እንኳ። ቅቤው እኮ አይደለም ማሂ። ‹የለውም› ማለቷ ነው።»

አይስክሬሜ እጄ ላይ ቀለጠ። ማታ ፍሪጁን ስከፍት የገባኝ ነገር ደግሞ ባሰ። ፍሪጁ እታለም በገዛቻቸው የአጃ ወተት፣ የአኩሪ አተር እርጎና የታሸገ ባቄላ ተሞልቷል። ሶስና እነሱን ትበላለች፤ ፋብሪካ ስላሸጋቸው። እናቷ የከፈተችውን ግን አትነካም። ዓመት ሙሉ እታለም ልጇን ማብላት የቻለችው በታሸገ ነገር ብቻ ነው። አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ስታጎርስ የምትውል ሴት!

ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ፤ ጾሙ በሚፈታበት ዕለት ሶስና ከእናቷ እጅ ካልበላች አገሬ አልገባም አልኩ። (ትኬቴ የተቆረጠው ለማግስቱ ነበር፤ ያው ስሜት ነው።)

ሦስተኛው ቀን፤ ቡሄ በሱንድቢበሪ

ሶስና ሱንድቢበሪ የሚባል ሰፈር፣ ጓደኛዋ ኤልሳ ቤት ድግስ ተጠርታለች፣ እኔንም ጨምራ። ቀኑ ደግሞ ቡሄ! ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ ጠዋት ተነሥቼ ሙልሙል ጋገርኩ። ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ። ምድጃው ራሱ ሰዓት ይቆጥራል፣ ሲደርስ ይጮኻል፤ እኔም አብሬው ጮህኩ። ሶስና ገና ትኩስ እያለ ሁለት ሙልሙል አከታትላ በላች።

«ምን አድርገሽበት ነው? እንዲህ ያለ ዳቦ በልቼ አላውቅም!»

«የመንዝ ማር!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ማኘኳን አቆመች። «ማር?»

«ከአገር ያመጣሁት! ንጹሕ!»

«ማሂ... ማር አልበላም። ንብም እንስሳ ነው።»

«ማር እኮ ጾም ነው!»

«ጾም አይደለሁማ። ቪጋን ነኝ።»

ኧረ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እኔ ጾምና ቪጋን አንድ መስለውኝ፣ እናቷን በልቤ ስወቅስ ያደርኩት እኔው ራሴ! «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ በማርያም ይቅርታ፣ አላወቅኩም፣ ይቅርታ» እያልኩ ወጥ ቤቱን ዞርኩት። ሶስና መጀመሪያ ኮስተር ብላ ነበር፤ በኋላ ግን ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ በቃሽ! አንድ ይቅርታ ይበቃኛል። አንቺ ስጠይቅሽ እውነቱን ነው የነገርሽኝ። እማዬ እኮ ጠይቄያት...» ብላ ተወችው።

ዘወር ስል እታለም የልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ቅርጫቷን ይዛ ወጣች።

የኤልሳ ድግስ ግቢያቸው ውስጥ ነው። በዚህ ወር ስዊድኖች ክሬፍቶር የሚሉትን ቀይ፣ እንደ ጊንጥ መቆንጠጫ ያለው የውሃ ውስጥ ፍጥረት ቀቅለው፣ የወረቀት ባርኔጣ ደፍተው፣ ድምፅ እያሰሙ እየመጠጡ ይበላሉ። መምጠጡ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የበዓሉ ወግ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስሉ ትልልቅ ሰዎች ባርኔጣቸውን አንጋደው ሲመጥጡ ማየት! የጠረጴዛው አንድ ጫፍ ግን የእኛ ነበር። ኤልሳም እንደ ሶስና ቪጋን ናት። ድንችና በቆሎ በእንስላል ቀቅላ፣ እንጉዳይ ጠብሳ ጠበቀችን። እኔን «ቪጋን ነሽ?» አለችኝ። «እስከ መጪው እሑድ መሳይ ነገር» ልል ብዬ «ጾመኛ ነኝ፣ ግን ማር እበላለሁ» አልኳት። ሶስና በሳቅ ወንበሯን ልትገለብጥ።

ስዊድኖቹ በየመሃሉ እየተነሡ ይዘፍናሉ። «አንቺም ዝፈኚ» አሉኝ። ተነሣሁና የቡሄ ጭፈራ አወጣሁ። ደብረ ብርሃን ቡሄ የሚጨፍሩት ወንዶች ናቸው፤ ሱንድቢበሪ ድረስ መጥቶ ማን ያየኛል? እኔ ሳወርድ እነሱ «ሆ!» እንዲሉ አስተማርኳቸው። ወይ ጉድ! ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ ባርኔጣቸው እየወደቀ፣ «ሆ! ሆ!» ሲሉ ጎረቤት በረንዳ ላይ ወጣ። ማር ያለበት ሙልሙሌም ለእነሱ ደረሰ። ሶስና ከጎኔ ሆና ከሁሉ በላይ ትጮህ ነበር። አማርኛ ነው እኮ የምትጮኸው፣ ልብ በሉ።

አራተኛው ቀን

ዘነበ። ምንም አልሆነም። እታለም ከሥራ ስትመለስ ለሶስና ብርቱካን ላጠችላት፣ ሶስናም በላችው፤ ብርቱካን እንደ ታሸገ ይቆጠራል። በእኛ ቤተሰብ ትልቅ ሰው ልጁን ይቅርታ አይልም፣ ብርቱካን ይልጣል። እናቴም እንደዚያው ናት። እኔም ልጅ እያለሁ ብርቱካን ሲላጥልኝ «ምን በደለችኝ?» ብዬ አስብ ነበር።

ሶስና ሻወር ስትገባ እታለም ወረቀትና እርሳስ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማርም አትበላም?»

«አትበላም።»

ጻፈችው። «ዘይትስ?»

«ዘይት ትበላለች፤ ከተክል ነው።»

ጻፈችው። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠች። «አየሽ ማሂዬ፣ በበዓል ቀን እንግዳው ሁሉ ቅቤ ጠግቦ ልጄ ደረቅ ጎመን ስትበላ ያየ ሰው ምን ይለኛል? የእንጀራ እናቷ እመስላለሁ አልኩ። አንድ ማንኪያ ነው ያደረግኩት። አንድ።»

«ነግረሻታል?»

«ምኑን?»

«ይህንን።»

ተነሥታ ወደ ብርቱካኑ ስትሄድ «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ!» አልኳት።

አምስተኛው ቀን፤ ዋዜማ

ነገ ጾሙ ይፈታል። ሶስና ሥራ ሄዳለች፤ ክረምቱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። እታለም ዕረፍት ወስዳለች። ለፎቁ ነዋሪ ሁሉ የጋራ የሆነ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ምድር ቤት አለ፣ ትቬትስቱጋ ይሉታል። ተራ ይያዝበታል፤ ተራህን በአንድ ደቂቃ ብታሳልፍ ጎረቤትህ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ አስፈሪ ወረቀት ይለጥፍልሃል። እኔ ልብሱን ይዤ ስወጣ ሊፍቱ በሩን ከመክፈቱ ሸተተኝ።

ቅቤ! ሲነጠር! ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፤ የናቴ ወጥ ቤት ቁጭ!

ጾሙ ገና አልተፈታም፤ ደግሞስ ለማን ነው? ቅርጫቱን ኮሪደር ላይ ጥዬ ሮጥኩ። እታለም ትንሽ መጥበሻ ላይ ጎንበስ ብላ ታማስላለች፤ አጠገቧ ለሶስና የተከተፈ እንጉዳይ በሳህን ሙሉ።

«እታለም! እንደገና?!»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ቅቤ ነው የሚሸተው!»

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን እጇን አጨብጭባ ሳቀች። «ሸተተሽ? እውነትሽን ነው? እሰይ! ዘይት ነው እኮ ልጄ! ዘይት በቅመም አነጠርኩ። ያመጣሽልኝን ኮሰረት ሁሉ ጨረስኩት።»

እውነቱን ልናገር፣ አላመንኳትም። አፌም አልታዘዝ አለኝና «ሶስናም አታምንሽም» አልኳት።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። መጥበሻውን አየች፣ እኔን አየች።

«ዛሬ ጾም ነው አይደል?»

«ነው።»

«እኔ ጾም ስሽር እናትሽ ነግራሽ ታውቃለች?»

«ኧረ በጭራሽ።»

ማንኪያ አወጣች፣ ከዘይቱ ጨልፋ፣ እፍ ብላ፣ ዓይኔን እያየች ቀመሰችው።

በስደት ካምፕ፣ በሥራ፣ በሕመም ጾሟን ያልሻረች ሴት ናት። ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይመጣል? እኔም ተቀብዬ ቀመስኩ። ዘይት! ቅቤ የመሰለ፣ ግን ዘይት! እንጉዳዩን ልትጨምርበት ነው ብዬ ስጠብቅ ምድጃውን አጠፋችው።

«የእሷን ድስት አልነካም። ስትመጣ ራሷ ታምጣው።»

ሶስና ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። በሩ ላይ ቆመች፤ አፍንጫዋ እንደ እኔው ነገራት። ፊቷ ተዘጋ። ጫማዋን እንደገና ልታጠልቅ ስትል እታለም ከወጥ ቤት ጠራቻት።

«ግቢ። እዚህ ቁሚና እዪኝ።»

ገባች። እታለም ያንኑ ማንኪያ አንሥታ፣ ያንኑ ዘይት፣ በልጇ ፊት ቀመሰች። «ጾመኛ ነኝ፣ ታውቂያለሽ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ መልሳ፣ እየከተፈች፣ ለሽንኩርቱ የምትነግር ይመስል «አምና ‹የለውም› ያልኩሽ ውሸት ነው። ነበረው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች።

በቤተሰባችን ታሪክ ይህ ቃል ያለ ብርቱካን ሲነገር የመጀመሪያው ይመስለኛል። ዓይናችንን ያሻሸነው በሽንኩርቱ ነው እንበል።

ሶስና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍታ አረንጓዴ ፕላስተር ያለበትን ድስቷን አወረደችና እናቷ ፊት ምድጃው ላይ አስቀመጠችው። በስዊድንኛ «ቪ ፎር ሴ» አለች፤ «እናያለን» ማለት ነው። ክፍሏ ገባች።

እናያለን! ሌሊቱን ሙሉ በዚህች ቃል ላይ ስገላበጥ እንዳላድር እታለም ሥራ ሰጠችኝ። ለእንግዶቹ ዶሮ ወጥ መሠራት አለበት። እዚህ ላይ አንድ ችግር መጣ፤ ጨዉን ማን ይቅመስ? እሷ ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ፣ ሶስና ቪጋን። ሰፈራችን ቢሆን የጎረቤት ሕፃን ተጠርቶ «ቅመሽ፣ ጨው አለው?» ይባላል። እታለም ለጋሼ ታደሰ ደወለች።

«እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ አስካለ!»

«በዚህ ሁሉ ፎቅ ውስጥ አንድ ዶሮ ቀማሽ ይጠፋል?» እያለች ስልኩን ዘጋችው። የእንጉዳዩን ወጥ ግን እየደጋገመች ቀመሰችው፤ ጾም ነዋ!

ስድስተኛው ቀን፤ ፍቺ

ጠዋት ከቅዳሴ መልስ እንግዶች ገቡ። ጋሼ ታደሰ ሪባን የታሰረበት ጥቅል ይዘዋል። «ለቪጋኗ ልጄ!» ብለው ለሶስና ሰጧት። ሲከፈት ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ ነው።

«ጋሼ፣ ዓሣ እኮ እንስሳ ነው» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ዓሣ? ዓሣ ምን እንስሳ ነው? እግር የለው!» አሉ። ሶስና ሳቀች፣ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፣ ዓሣውም ለእንግዶቹ ቀረበ።

ጋሼ ታደሰ ማዕዱን ባረኩ፣ የመጀመሪያውን የዶሮ ጉርሻ ጎረሡ፣ ማኘክ ጀመሩ፣ አቆሙ። ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ።

«አስካለ፣ ይህችን ዶሮ ከባሕር ነው ያወጣሻት?»

እታለም ቀምሳ አፏን ያዘች። «አንዴ እኮ ነው የጨመርኩት!»

«እኔም አንዴ ነው የጨመርኩት» አልኩ።

«አንቺም?!»

አንቺም፣ አንቺም፣ እየተባባልን ሳቁ ቤቱን ሞላው። ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ አንድ ቦታ ዞረ፤ ወደ አረንጓዴው ፕላስተር። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያቺ ትንሿ ድስት... ሽታዋ ደህና ነው።»

ሶስና ግን ገና አልበላችም። ሳህኗ ባዶ ነው። እታለም እጇን እንደገና ታጠበች። እንጀራ ቆረሰች፣ ከትንሹ ድስት ጠቀለለች፣ እንዳይንጠባጠብ ግራ እጇን ከሥር አድርጋ ወደ ልጇ ዘረጋች።

«በጾሜ የቀመስኩት ነው» አለች።

ጋሼ ታደሰ እንኳ ቀጣዩን ጣቢያ አላሳወቁም። ሶስና ጉርሻውን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ጉርሻው ትልቅ ነበር፣ የዓመት ነዋ! ጉንጯ ተነፋ። አኘከች፣ ዋጠች፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘናል። ከዚያ በአማርኛ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣

«እማዬ፣ ጨው አነሰው» አለች።

ቤቱ ፈነዳ! ጋሼ ታደሰ «ከዶሮው ይጨመርበት!» ሲሉ «አይሆንም!» ብለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮህን። እታለም ትስቃለች ዕንባዋ ይወርዳል፣ ዛሬ ሽንኩርት የለም። ሶስና ደግሞ አፏን ለሁለተኛው ከፍታ ጠበቀች።

ከዚያ በኋላ ለትንሹ ድስት ሰልፍ ሆነ። ስዊድን መድኃኒት ቤት ስትገባ የወረፋ ቁጥር ትወስዳለህ፤ ሶስና ወረቀት ቀድዳ ቁጥር አደለች። ቁጥር አንድ ለጋሼ ታደሰ ደረሰ። እኔ ሰባት ነበርኩ፤ ተራዬ ሲደርስ የቀረው ሙጃሌ የምታህል እንጉዳይ ብቻ ነው። እንጀራውን ድስቱ ላይ አሽቼ በላሁት። የመጨረሻዋ ጠብታ እንኳ ቅቤ ቅቤ ትላለች፣ ግን ቅቤ አይደለችም።

ሰባተኛው ቀን፤ መመለሻ

ሻንጣዬ ሲዘጋ ሶስና መቀስ ይዛ መጣች። ከድስቷ እጀታ አረንጓዴውን ፕላስተር ላጠችና ሻንጣዬ እጀታ ላይ ጠቀለለችው። «ቦሌ ላይ እንዳይጠፋብሽ» አለች። ጋሼ ታደሰ «ዕቃችሁን እንዳትረሱ!» ብለው አወረዱን፤ እኔም ካርዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ።

ቦሌ ላይ ሻንጣው ከሩቅ አረንጓዴ እያለ መጣ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ብርድ፤ ስዊድን ያልፈለግኩትን ካፖርት አገሬ ገብቼ ለበስኩት። እናቴ ሻንጣውን ስትቀበለኝ ፕላስተሩን አየች። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ፤ እኔም ቆሜ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ጨውን ስነግራት ሳቀች፣ ይቅርታውን ስነግራት ፕላስተሩን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ እንደ ባለሙያ አስባ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ምልክቱን አንቺ ይዘሽው ከመጣሽ፣ ቅቤ ያለበትንና የሌለበትን በምን ይለዩታል?»

«ይጠያየቃሉ» አልኳት።